አድራሻ የማያውቀው መድኃኒት

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ እኛው ነን። አፋችንን ከፍተን፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጠን፣ ከመብራቱ ጋር ተፋጠን። ሐኪሙ "ትንሽ ቆንጠጥ ታደርጋለች፣ አይዞህ" ይላል። መርፌው ድዳችን ውስጥ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የታችኛው ከንፈራችን ከእኛ ተለይቶ የሌላ ሰው ከንፈር ይሆናል። ሐኪሙ ጉጠቱን አንስቶ ይታገላል። ግፊቱ ይሰማናል፤ መንጋጋችን ሲንገጫገጭ ድምፁ ጆሯችን ውስጥ ያስተጋባል፤ ሕመሙ ግን የለም። ወጥተን ማኪያቶ ልንጠጣ ስንሞክር ሸሚዛችን ላይ እናንጠባጥበዋለን፤ ጓደኞቻችን ይስቁብናል፤ ማታ ላይ ነገሩን ረስተነዋል።

ሳንጠይቀው የምናልፈው ጥያቄ ግን አለ። ሕመሙ የት ሄደ? እንቅልፍ አልወሰደንም። ነርቫችን አልተቆረጠም። ጥርሱም በእውነት እየተነቀለ ነበር። አንድ ነገር መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ወሬው አንጎላችን እንዳይደርስ ከልክሎታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል። ያ ነርቭን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት መንገድ ስቶ በደም በኩል አንጎል ቢገባስ? የነርቭ ሕዋሳት ዋና ከተማ እዚያ ነው። መልሱን በግምት ብንናገር "አንጎልም ዝም ይላል" የምንል ይመስለናል። ተሳስተናል። አንጎል መጀመሪያ ይጮኻል። ለምን እንደሚጮኽ ለመረዳት የሰው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ሒሳቡንም የከፈሉት አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ሐኪሞችና ስማቸው ያልተጻፈ በሽተኞች ናቸው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ሒሳብ ነው።

ምላሱ የደነዘዘው ኬሚስት

የአንዲስ ተራሮች ሰዎች የኮካ ቅጠል ማኘክ የጀመሩት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ቅጠሉ ድካምና ረሃብ ያስረሳል፤ አፍንም ያደነዝዛል። አውሮፓ ስለ ቅጠሉ የሰማችው ስፔናውያን ደቡብ አሜሪካን ከወረሩ በኋላ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለውን ነገር ለይቶ ለማውጣት ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆየች።

በ1860 ጀርመን ውስጥ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ አልበርት ኒማን የሚባል ወጣት ለዶክትሬት ማሟያው ከኮካ ቅጠል ነጭ ብናኝ ለይቶ አወጣ፤ ኮኬይን አለው። የዘመኑ ኬሚስቶች ያገኙትን ነገር የመቅመስ አመል ነበራቸው፤ እሱም ቀመሰው። ምላሱ ደነዘዘ። ይህንንም በጽሑፉ ላይ አሰፈረው። በማግስቱ ዓመት ሞተ። ዕድሜው ገና 26 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ1860 በአውሮፓ የሚኖር ሐኪም ሁሉ ታላቅ ችግር ነበረበት። በ1846 ቦስተን ላይ ኤተር የሚባለው ፈሳሽ እንፋሎት በሽተኛን አስተኝቶ ለመቅደድ እንደሚያስችል ታይቷል። ዓይን ላይ ግን ኤተር ብዙም አይመችም። ከእንቅልፉ የሚነቃ በሽተኛ ያስላል፣ ያስመልሰዋል፤ ገና የተቀደደ ዓይን ደግሞ ይህን አይችልም። ስለዚህ የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚገፈፍለት ሰው ነቅቶ፣ ሁሉን እያየና እየተሰማው፣ በረዳቶች እጅ ተይዞ ነበር ቢላዋውን የሚጠብቀው። መፍትሔው ደግሞ ጎቲንገን ውስጥ በጠርሙስ ተቀምጧል። "ምላስ ያደነዝዛል" የሚል ጽሑፍም ወጥቷል። ምላስን ካደነዘዘ ዓይንንስ ለምን አያደነዝዝም ብሎ ሞክሮ ለዓለም የሚያሳይ ሰው ለማግኘት 24 ዓመት ፈጀ። በ1880 ቫሲሊ ፎን አንሬፕ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም መድኃኒቱን የራሱ ቆዳ ሥር ወግቶ መርፌ እንደማይሰማው ጽፎ ነበር፤ እሱንም የሰማው ሰው ጥቂት ነው።

ቪየና፣ 1884

ሰሚ የተገኘው ቪየና ውስጥ ነው። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ይተዋወቃሉ፤ ለሦስቱም ያው ብናኝ የተለያየ ዕጣ ሰጣቸው።

አንደኛው ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ያኔ የ28 ዓመት ሐኪም እንጂ ኋላ ዓለም ያወቀው ፍሮይድ አልነበረም። ገንዘብ የለውም፤ እጮኛው ሩቅ አገር ናት፤ ለማግባት ዝና ያስፈልገዋል። ኮኬይንን ራሱ ላይ ሞከረ፤ ወደደው። በሐምሌ 1884 ስለ ኮካ አንድ የሙገሳ ጽሑፍ አወጣ። ማደንዘዙንም በመጨረሻው ገጽ ላይ ጠቀስ አድርጎ አለፈው። ከዚያ እጮኛውን ሊያይ ሄደ።

ሁለተኛው ካርል ኮለር ይባላል፤ የዓይን ሐኪም ለመሆን የሚጣጣር የፍሮይድ ባልደረባ። አንድ ቀን ሌላ ባልደረባው ብናኙን ቀምሶ "ምላስ ያደነዝዛል" ሲለው፣ ኮለር ይህን የቀመሰ ሁሉ እንደሚያውቀው ይነግረዋል። ይህን እየተናገረ ሳለ ነው ብልጭ ያለለት፦ ለዓይን ሲፈልገው የኖረውን መድኃኒት ይዞ ሲዞር ከርሟል። ሮጦ ላቦራቶሪ ገባ። መጀመሪያ የእንቁራሪት ዓይን ላይ አንጠባጠበ፤ እንቁራሪቷ ዓይኗ ሲነካ ዝም አለች። ቀጥሎ ጥንቸልና ውሻ ላይ ሞከረ። በመጨረሻ እሱና ረዳቱ አንዳቸው ለሌላው ዓይን ውስጥ ጠብ አድርገው፣ መስታወት ፊት ቆመው፣ በስፒል ራስ የገዛ ዓይናቸውን ነኩ። ምንም አልተሰማቸውም።

መስከረም 15 ቀን 1884 ሃይድልበርግ ላይ በተደረገው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ግኝቱ ይፋ ሆነ። ጽሑፉን ያነበበው ግን ኮለር አልነበረም፤ የባቡር መሳፈሪያ ስላልነበረው አንድ ሌላ ሐኪም አነበበለት። በወራት ውስጥ ወሬው አትላንቲክን ተሻገረ። የዚያ ሁሉ ዘመን የቢላዋ ጥበቃ በጥቂት ጠብታ አበቃ።

ኮለር ግን ቪየና ውስጥ አልከበረም። በጥር 1885 አንድ ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ በአይሁድነቱ ሰደበው፤ ኮለር በጥፊ አጮለው፤ ነገሩ ወደ ሰይፍ ግጥሚያ አመራ። አሸነፈ፤ የተመኘውን የሥራ ቦታ ግን አላገኘም። አገሩን ጥሎ በ1888 ኒውዮርክ ገባ፤ እዚያው ኖሮ በ1944 ሞተ። ፍሮይድ ደግሞ ዝናው በጣቱ መካከል እንዳመለጠው ከረጅም ዓመታት በኋላ ሲጽፍ ጥፋቱን በቀልድ እጮኛው ላይ አላከከው፤ እሷን ልይ ብዬ ባልሄድ ኖሮ የሚል መንፈስ አለው።

ሦስተኛው ሰው ኤርንስት ፎን ፍላይሽል ማርክሶቭ ነው። ለእኛ ከሦስቱ ሁሉ የሚያሳዝነው እሱ ነው። የነርቭ ተመራማሪ ነበር። እንስሳ ብርሃን ሲያይ በአንጎሉ ገጽ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እንደሚታይ አስተውሎ፣ በ1883 ግኝቱን በታሸገ ደብዳቤ ለቪየና የሳይንስ አካዳሚ አስረክቦ ነበር። አንጎል በኤሌክትሪክ እንደሚነጋገር ከሰሙ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው አስከሬን ሲመረምር አውራ ጣቱ ተመርዞ ተቆርጦ ነበር፤ የተቆረጠው ነርቭ ሕመም ስላላስተኛው የሞርፊን ሱሰኛ ሆነ። ፍሮይድ ወዳጁን ሊያድን ፈልጎ "ኮኬይን ሞርፊንን ያስተዋል" አለው። ሞርፊኑ አልተወውም፤ ኮኬይኑ ተጨመረበት። ቆዳው ሥር ትላትልና ነፍሳት ሲርመሰመሱ ይሰማው ጀመር። በ1891 በ45 ዓመቱ ሞተ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ወሬ ያዳመጠው ሰው የገዛ አንጎሉ ሐሰተኛ ወሬ ሲነግረው ኖሮ አረፈ።

ራሳቸውን የወጉ ሐኪሞች

ከቪየና ወሬው ኒውዮርክ ሲደርስ ዊልያም ሃልስቴድ የሚባል ጎበዝ ቀዶ ሐኪም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ጠብታ ላይ ላዩን ብቻ ያደነዝዛል፤ መድኃኒቱን በመርፌ ወደ ነርቩ ግንድ አካባቢ ብናስገባው ግን ከዚያ በታች ያለው አካል በሙሉ ይደነዝዛል አለ። ልክ ነበር። ዛሬ የታችኛው መንጋጋችን በአንድ መርፌ የሚደነዝዘው የእሱና የጓደኞቹ ሥራ በከፈተው መንገድ ነው። ሙከራውን ያደረጉት ግን እርስ በርስ እየተወጋጉ ነው። ብዙ ሳይቆይ ሃልስቴድና ከባልደረቦቹ በርካቶቹ ሱሰኞች ሆኑ። በ1885 ያወጣው ጽሑፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ መሳቂያም ማዘኛም ነው፤ ገብቶ የማይወጣበት፣ ራሱን የሚያሳድድ ዓረፍተ ነገር ነው። በኋላ ሕክምና ገባ፤ ከኮኬይን ሲያላቅቁት ሞርፊን ያዘው። ይህን ሰው ነው ጆንስ ሆፕኪንስ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ያደረገው፤ የአሜሪካን የቀዶ ሕክምና ትምህርት ቅርጽ ያስያዘውም እሱው ነው። ሱሱን እንደደበቀ በ1922 ሞተ።

በነሐሴ 1898 ደግሞ ጀርመን ውስጥ ኪል ከተማ ላይ አውጉስት ቢር ኮኬይንን በወገብ በኩል የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ አስገባ። በሽተኞቹ ከወገብ በታች ደነዘዙ፤ ቀጥሎ ግን ከባድ ራስ ምታት ያዛቸው። ቢር ምክንያቱን ለማወቅ ራሱን አስወጋ፤ መርፌውና ስሪንጁ አልገጥም ብሎ ፈሳሹ ፈሰሰ። ረዳቱ ሂልደብራንት ተተካ። በእሱ ላይ ሠራ። ቢርም መደንዘዙን ለማረጋገጥ የረዳቱን እግር በመርፌ ወጋው፣ በተለኮሰ ሲጋር ተረኮሰው፣ ቅልጥሙን በብረት መዶሻ መታው። ሂልደብራንት ምንም አልተሰማውም። ማታ በደስታ አብረው ራት በሉ፤ ወይን ጠጡ። በማግስቱ ሁለቱም ራሳቸውን ማቅናት አቃታቸው፤ የረዳቱም ቅልጥም በልዞ ነበር። ዛሬ አገራችን ውስጥ በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት ወገቧ ላይ ተወግታ፣ ነቅታ፣ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ የምትሰማው የዚያ ማታ ወራሽ ሆና ነው።

የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ጣጣ አንድ ነበር፤ ኮኬይን ሁለት እጅ አለው። በአንዱ እጁ ነርቭን ያደነዝዛል። በሌላው እጁ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሥራውን ጨርሶ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል፤ ሱሱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኬሚስቶች ሁለተኛውን እጅ ለመቁረጥ ተነሡ። በ1904 አልፍሬድ አይንሆርን ኖቮኬይንን ሠራ፤ ሱስ የለውም። በ1943 ስቶክሆልም ውስጥ ኒልስ ሎፍግረንና ወጣቱ ቤንግት ሉንድክቪስት ሊዶኬይንን አገኙ፤ ሉንድክቪስት እንደ ቀደምቶቹ ራሱን እየወጋ ፈተነው። ዛሬ የጥርስ ሐኪማችን መርፌ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሊዶኬይን ነው።

ልብ እንበል፤ እስከ 1943 ድረስ ይህ ሁሉ መድኃኒት የተሠራው፣ የተሸጠው፣ ሚሊዮኖች የተወጉት እንዴት እንደሚሠራ ማንም ሳያውቅ ነው።

እልልታው የት ላይ ተቋረጠ?

እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ በመጀመሪያ ነርቭ ራሱ እንዴት እንደሚያወራ ማወቅ ያስፈልጋል። ችግሩ የእኛ ነርቭ ክር በዓይን የማይታይ ቀጭን መሆኑ ነው። መፍትሔው ከባሕር መጣ። ስኩዊድ የሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ አደጋ ሲያይ በፍጥነት የሚያመልጥበት አንድ ወፍራም የነርቭ ክር አለው፤ ውፍረቱ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በ1939 አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ፕሊመዝ ላይ እዚህ ክር ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው የነርቭን መልእክት ከውስጥ ለኩ። ወዲያው ጦርነቱ ፈነዳ፤ ሥራው ቆመ። ተመልሰው በ1952 ሙሉ ማብራሪያውን አወጡ። የካምብሪጅ ኮምፒውተር በወቅቱ ተዘግቶ ስለነበር ሃክስሊ ስሌቱን የሠራው በእጅ በሚዞር ማሽን ነው፤ ሳምንታት ፈጀበት። በ1963 ኖቤል ተሸለሙ።

ያገኙት ነገር ይህን ይመስላል። አንድ የሠርግ ዳስ እናስብ። ረጅም ነው፤ ሴቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከበሩ አጠገብ ያለችው ሙሽሮቹን አይታ እልል ትላለች። አጠገቧ ያለችው ትቀበላታለች፤ ከዚያ ቀጣይዋ። እልልታው ዳሱን አቋርጦ ጓዳ ይደርሳል። ማንም ከቦታው አልተነሣም፤ የተጓዘው እልልታው ነው።

ነርቭም እንዲሁ ነው። ዝም ባለበት ሰዓት የክሩ ውስጥ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ወደ 70 ሚሊ ቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው። ግድግዳው ላይ ጥቃቅን በሮች አሉ። አንድ ቦታ ላይ መነካካት ሲኖር በሮቹ ይከፈታሉ፤ ከውጭ የነበረው ሶዲየም ይግተለተላል፤ ያ ቦታ ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ፖዘቲቭ ይሆናል። ይህ ለውጥ ቀጣዩን በር ያስከፍታል፤ እሱም ቀጣዩን። ወዲያው የመጀመሪያው በር ይዘጋል፤ ፖታሲየም ወደ ውጭ ወጥቶ ቦታውን ያረጋጋል። ሕመም፣ ንክኪ፣ ሙቀት፣ ሐሳብም ጭምር የሚጓዙት በዚህ እልልታ ነው።

በ1959 በዚያው የስኩዊድ ክር ላይ ኖቮኬይን ሲጨመር ምን እንደሚሆን ታየ። የሶዲየሙ ጎርፍ ቀነሰ። ማደንዘዣ በዳሱ መካከል የተቀመጡትን ጥቂት ሴቶች አፍ መያዝ ነው። ከበሩ አጠገብ እልልታው አለ፤ ጥርሱ በእውነት እየተነቀለ ነው። መሀል ላይ ይሞታል። ጓዳ ያሉት፣ ማለትም አንጎላችን፣ ምንም አልሰሙም።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ተራ በተራ ወጣ። በ1970 አካባቢ የተሠሩ ሥራዎች መድኃኒቱ በሩን የሚዘጋው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ እንደሆነ አሳዩ። ግድግዳውን በቅባትነቱ ሰርስሮ ይገባል፤ ገብቶ ከውስጥ ይቆልፋል። መግል የቋጠረ ጥርስ "ማደንዘዣ አልይዝ" የሚለው በከፊል ለዚህ ነው፤ የቆሰለው ሥጋ አሲድ ይበዛበታል፣ አሲድ ውስጥ መድኃኒቱ ኤሌክትሪክ ሙላት ይይዛል፣ ሙላት የያዘ ነገር ደግሞ የቅባት ግድግዳ አያልፍም። "ኧረ እየተሰማኝ ነው!" ስንል አላጋነንም ማለት ነው።

በ1973 ጋሪ ስትሪቻርትዝ ሌላ ነገር አሳየ። በሩ ብዙ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር መድኃኒቱ ይበልጥ ይይዘዋል። ደጋግማ እልል የምትለዋ ናት ቀድማ አፏ የሚያዘው። በ1994 ደግሞ የዊልያም ካተራል ቡድን ትክክለኛዋን የመቆለፊያ ቦታ አገኘ፤ በሩ ከተሠራበት ፕሮቲን ውስጥ አንዲት የታወቀች ቁራጭ ናት። ያ ጥናት የተሠራበት በር ከየት የተወሰደ ይመስላችኋል? ከጥርስ ነርቭ አይደለም። ከአይጥ አንጎል ነው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። በሩ ድድ ውስጥም አንጎል ውስጥም አንድ ቤተሰብ ነው። መድኃኒቱ የሚያውቀው በሩን እንጂ አድራሻውን አይደለም። ድዳችን ላይ የሚቀረው ሐኪሙ እዚያ ስላስቀመጠው ብቻ ነው።

አንጎል ውስጥ የሚሆነው

መርፌው በስሕተት የደም ሥር ውስጥ ቢገባ ወይም መጠኑ ቢበዛ የሚከተለውን ነገር ሐኪሞች በቃላቸው ያውቁታል። በአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፤ የብረት ጣዕም፤ ጆሮ ውስጥ ጩኸት፤ ማዞር፤ የጡንቻ መንዘር። ከዚያ መላ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። መጠኑ ከዚያም ከበለጠ በሽተኛው ራሱን ይስታል፤ መተንፈሱን ያቆማል።

ዝም አሰኚ መድኃኒት እንዴት መንቀጥቀጥ ያመጣል? መልሱ አንጎል በተናጋሪዎች ብቻ ያልተሞላ መሆኑ ላይ ነው። በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ከ5 ነርቭ ሕዋሳት 1 ያህሉ ሥራው ሌሎችን ማርገብ ነው። "ቀስ በሉ፣ ተራ ጠብቁ" ይላል። መልእክቱን የሚያስተላልፈውም ጋባ በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሌሎቹ ሕዋሳት እንዳይደባለቁ የሚያደርገው የእነዚህ አስተናባሪዎች ሥራ ነው።

ማደንዘዣው አንጎል ሲገባ፣ ዋነኛው ማብራሪያ እንደሚለው፣ መጀመሪያ የሚረቱት እነዚህ አስተናባሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በጣም ፈጥነው የሚተኩሱ ሕዋሳት መሆናቸው ከላይ ካየነው የስትሪቻርትዝ ግኝት ጋር ይገጥማል፤ ብዙ የተከፈተ በር ቀድሞ ይቆለፋል። አስተናባሪው ዝም ሲል የቀረው ሁሉ አንድ ላይ ይናገራል። ሚሊዮን ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ ውጤቱ ንግግር አይሆንም፤ መንቀጥቀጥ ነው። መድኃኒቱ ሲጨምር ተናጋሪዎቹም ይያዛሉ፤ ያኔ ጸጥታው የእውነት ይመጣል። ያ ጸጥታ ግን የመተንፈሻ ማዕከሉንም ይጨምራል።

በጣም ዝቅተኛ መጠን ያለው ሊዶኬይን ደግሞ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሐኪሞች አልቆም ያለ የሚጥል በሽታን ለማስቆም የተጠቀሙበት ጊዜ አለ። ያው መድኃኒት፣ ያው በር፤ ልዩነቱ ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለው ነው።

አሁን የሐኪሙ እጅ ለምን እንደዚያ እንደሚንቀሳቀስ ይገባናል። መርፌውን ከወጋ በኋላ ትንሽ ወደኋላ ስቦ የሚያየው ደም እንዳይመጣ ነው። ሊዶኬይኑ ላይ ጥቂት አድሬናሊን የሚቀላቀለው የደም ሥሮቹ ጠበው መድኃኒቱ እዚያው እንዲቆይ ነው። መጠኑን በክብደታችን የሚያሰላው ጣሪያ ስላለው ነው፤ ያለ አድሬናሊን ሲሰጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት 4.5 ሚሊ ግራም ገደማ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 270 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የጥርስ ሐኪም አንዷ ብልቃጥ 36 ሚሊ ግራም ያህል ትይዛለች። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ የነገ ቀጠሯችሁን እንዳትሰርዙ።

የተናገሩት ሰዎች

በ1957 ስዊድን ውስጥ ቡፒቫኬይን የሚባል ረጅም ጊዜ የሚቆይ ማደንዘዣ ተሠራ። ለወላዶች ተስማሚ ነበር፤ በሰፊው ገባ። ነገር ግን የልብ ሕዋሳትም የሶዲየም በር አላቸው። ሊዶኬይን የልብን በር ቶሎ ይዞ ቶሎ ይለቃል። ቡፒቫኬይን ቶሎ ይይዛል፤ አይለቅም። የልብ ምት ሲቆም መልሶ ማስነሣት እጅግ ከባድ ሆነ።

በ1979 ጆርጅ ኦልብራይት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሙያው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ፦ እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች የተሰጣቸው ጤነኛ ሰዎች ልባቸው በድንገት እየቆመ ነው። ብዙዎች አልተዋጠላቸውም፤ የሐኪሞቹ አሰጣጥ ነው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም አሉ። በ1984 ግን የአሜሪካ መንግሥት ኃይለኛው መጠን፣ 0.75 በመቶው፣ ለወላዶች እንዳይሰጥ አደረገ። ያ ሰው ባይጽፍ ኖሮ እያንዳንዱ ሐኪም ያየውን ሞት የራሱ ስሕተት መስሎት በሆዱ ይዞ ይኖር ነበር።

መድኃኒቱን ከሰውነት መልሶ መያዣ የተገኘውም በአጋጣሚ ነው። በ1990ዎቹ ጋይ ዋይንበርግ ቺካጎ ውስጥ አይጦችን ለምግብነት በደም ሥር የሚሰጥ ወተት የመሰለ የስብ ፈሳሽ እየሰጠ ስለ ቡፒቫኬይን ያጠና ነበር። ስቡ ጉዳቱን ያብሳል ብሎ ጠብቆ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ስብ የተሰጣቸው አይጦች አልሞት አሉ። ውጤቱን በ1998 አወጣ። በ2006 ኒውዮርክ ውስጥ ልቡ ቆሞ በተለመደው መንገድ አልነሣ ያለ አንድ በሽተኛ በዚሁ የስብ ፈሳሽ ተመለሰ። ቅባት ወዳዱ መድኃኒት ከልብና ከአንጎል ተነሥቶ በደም ውስጥ ወዳለው ስብ ይሳባል፤ ማብራሪያው በዋናነት ይህ ነው። ሰርስሮ ያስገባው ቅባት ወዳድነቱ ራሱ ማስወጫው ሆነ።

አድራሻ ፍለጋው

ታሪኩ አላለቀም። ከሐኪሞቹ መዶሻና ሲጋር ጀምሮ ፍለጋው አንድ ነው፤ ሕመምን ብቻ የሚያውቅ፣ አንጎልንና ልብን የማይነካ መድኃኒት። በ2007 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ አሳዩ፤ የእኛን ጓዳ ያስታውሳል። የበርበሬ ማቃጠያ የሆነው ካፕሳይሲን ሕመም ተሸካሚ ነርቮች ላይ ብቻ ያለ ልዩ በር ይከፍታል። በራሱ ግድግዳ ማለፍ የማይችል የሊዶኬይን ዘመድ አብረው ሰጡ። መድኃኒቱ በርበሬው በከፈተለት በር ብቻ ገባ፤ አይጦቹ ሕመም አልተሰማቸውም፤ እግራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። በጥር 2025 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሱዜትሪጂን የሚባል ክኒን ተፈቀደ። ማደንዘዣ መርፌ አይደለም፤ የሕመም ማስታገሻ ነው። የሚዘጋው ግን ከሶዲየም በሮች አንዱን ዓይነት ብቻ፣ በዋናነት ሕመም ተሸካሚ ነርቮች ላይ ያለውን ነው። ያኔ ኒማን ምላሱን ካደነዘዘ 165 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ የያዘን አንድ ነገር ነው። ዝም ማሰኘት ቀላል ነበር፤ በ1884 ጥቂት ጠብታ በቃው። ማንን ዝም እንደሚያሰኙ ማወቅ ነው ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀው። በመካከሉ ወሬውን ወደፊት የገፋው ደግሞ "እኔ ላይ ይህ ሆነ"፣ "በሽተኛዬ ሞተብኝ" ብሎ በስሙ የጻፈ ሰው ነው። ሃልስቴድ ደበቀ፤ ኦልብራይት ተናገረ። በአንድ ሙያ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ሐኪማችን መርፌውን ወደኋላ ሳብ አድርጎ የሚያየው ከተናገሩት በተማረው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከንፈራችን ሲደነዝዝ ማኪያቶውን ትንሽ እናቆየው። እልልታው ተመልሶ ጓዳ እስኪደርስ ጥቂት ሰዓታት ይፈልጋል።